ጆሮና ዓይን በትምህርት ታሪካችን፤ ከመጻሕፍት ቤት ጉባኤ እስከ ፕላዝማ

1. መግቢያ

ትምህርት ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፈው በሁለት በሮች ነው፤ አንዱ ጆሮ ነው፥ ሁለተኛው ዓይን ነው። በጆሮ የሚገባው የመምህሩ ቃል ሲሆን፥ በዓይን የሚገባው ጽሑፍ ነው። በዛሬው ጊዜ የመምህራን ንግግር በቪዲዮ እየተቀረጸ በስልክና በኮምፒዩተር ስለሚታይ፥ «የተቀረጸውን ትምህርት ማዳመጥ ይሻላል፥ ወይስ መምህሩ የተናገረው ሁሉ ተጽፎ ማንበብ ይሻላል?» የሚለው ክርክር በተማሪዎች ዘንድ ተደጋግሞ ይሰማል። አንደኛው ወገን «የመምህሩን ድምፅ ካልሰማሁ ነገሩ አይገባኝም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አንድ ሰዓት ሙሉ ከማዳምጥ በጥቂት ደቂቃ አንብቤ እጨርሰዋለሁ፤ ያልገባኝንም ተመልሼ አየዋለሁ» ሲል ይመልሳል።

መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ክርክሩ አሮጌ ነው። ከዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ በፊት የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን «ፋይድሮስ» በተባለው መጽሐፉ፥ ጽሑፍ ጥያቄ ሲጠይቁት ዝም ይላል፥ ሰውንም የማስታወስ ኃይሉን ያስጥለዋል የሚል ወቀሳ አስፍሯል። ይህ ወቀሳ ለእኛ የደረሰው ግን በጽሑፍ ስለ ተጻፈ መሆኑን መርሳት አይገባም።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ጉዳዩን በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ መመርመር ነው። ኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት ሁለቱንም መንገድ ጎን ለጎን ስትሠራባቸው የኖረች አገር ስለ ሆነች፥ ለዚህ ምርመራ የሚሆን ሰፊ ማስረጃ አላት። በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ቃልንና ጽሑፍን እንዴት አድርገው እንዳጣመሩ እንመለከታለን፤ ቀጥሎ የቃል ትርጓሜ ወደ ማተሚያ ቤት ሲገባ ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ቀረ እናያለን፤ በመጨረሻም በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት በዚሁ ሚዛን እንመዝናለን።

2. ቀን በመጽሐፍ፥ ማታ በቃል

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ሀሁንና አቡጊዳን ቆጥሮ ካወቀ በኋላ የዮሐንስን መልእክት፣ ወንጌልን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ያነባል። ንባቡም ራሱ ደረጃ አለው። ፊደሉን አንድ ባንድ እየለዩ ማንበብ ቁጥር ይባላል፤ ከዚያ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ በየተራ ይከተላሉ። ተማሪው በዓይኑ ፊደሉን እየተከተለ፥ በአፉ ድምፁን እያሰማ፥ የኔታም በጆሮአቸው እየሰሙ ያርሙታል። እንግዲህ ንባብ የሚባለው የዓይን ሥራ እንኳ በዚህ ቤት ከጆሮ ተለይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሌላው ትምህርት ይጀመራል። መጽሐፉ ይዘጋና የቃል ትምህርት ይቀጥላል። ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስና ሌሎችም ጸሎቶች በጨለማ፥ ያለ መጽሐፍ፥ መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ሲል ሕፃኑ እየተቀበለ ይጠናሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት መብራት አለመኖሩ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ችግር የወለደው ልማድ ውሎ አድሮ ሥርዓት ሆኗል። ቀን ለዓይን፥ ማታ ለጆሮ ተመድቦ፥ ሕፃኑ ሁለቱንም በሮች ከልጅነቱ ጀምሮ እየከፈተ እንዲያድግ አድርጓል።

ከንባብ ቤት በላይ ባሉት ቤቶች የሁለቱ ድርሻ ይለያያል። በዜማ ቤት የድጓው ቃል በብራና ተጽፎ ይገኛል፤ ዜማው ግን ከመምህሩ አፍ ካልተሰማ አይገኝም። በቃሉ ራስ ላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተዘጋጁ ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ታላቅ የጽሑፍ ጥበብ ቢሆኑም ዜማውን አስቀድሞ ላልሰማ ሰው አይናገሩም። ሥራቸው የሰማውን ሰው ማስታወስ ነው። በዚህ ቤት ጽሑፍ የጆሮ አገልጋይ ነው ማለት ይቻላል።

በቅኔ ቤት የጆሮ ሥልጣን ይበልጣል። ተማሪው ቀኑን ብቻውን ተቀምጦ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ያዘጋጀውንም ቀርቦ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል። መምህሩም ሰዋስዉን፣ ልኩንና ምሥጢሩን እዚያው ያርሙለታል። የተሳሳተው ቃል ሳያድር ይስተካከላል። ወረቀት ሊያደርገው የማይችለው ይህንን ነው፤ ተማሪው የጻፈውን ወረቀት ይቀበላል እንጂ «ይህ ቤት አንሷል» ብሎ አይመልስለትም። በሌላ በኩል ግን ቅኔ ለአንድ ቀን ማኅሌት ተዘርፎ ደግሞ የማይባል በመሆኑ፥ በዚያች ቀን የሰማ ሰው ካልጻፈው ወይም በቃሉ ካልያዘው ጠፍቶ ይቀራል። የስንት ታላላቅ ባለቅኔዎች ሥራ በዚህ መንገድ ከነስማቸው እንደ ጠፋ ማሰብ ያሳዝናል።

3. የመጻሕፍት ቤት ጉባኤ

ለተነሣንበት ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው የመጻሕፍት ቤት ነው፤ በዛሬው ቋንቋ «ሌክቸር» የምንለው የአስተማር ዘዴ በአገራችን ፍጹም ሆኖ የሚገኘው በዚህ ቤት ነውና። መጻሕፍት ቤት ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን የሚያስተምሩ አራት ጉባኤያት አሉት።

የጉባኤው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ተማሪዎች መምህራቸውን ከበው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ የግዕዙን ንባብ ከመጽሐፉ ጥቂት በጥቂት ያሰማል፤ መምህሩም እያስቆሙ በአማርኛ ይተረጉማሉ። መጀመሪያ ቃሉን በቀጥታ ይፈታሉ፤ ቀጥለው «አንድም» እያሉ ሌላውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ትርጓሜ ይጨምራሉ፤ ነገሩ ታሪክ የሚያስፈልገው ሲሆን ታሪኩን፥ ማብራሪያ የሚሻ ሲሆን ሐተታውን ያመጣሉ። ይህ ትርጓሜ «አንድምታ» የተባለው ከዚሁ «አንድም» ከሚለው ቃል የተነሣ ነው። ጉባኤው ሲፈታ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተሰብስበው መምህሩ ያሉትን እየተቀባበሉ ይከልሳሉ፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስጠናል። አንድን መጽሐፍ በዚህ አኳኋን ደጋግሞ ሰምቶ ንባቡን ከነትርጓሜው የያዘ ተማሪ እርሱ ራሱ መምህር ለመሆን ይበቃል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለተማሪው የሚከብደው የተጠናው ቋንቋ ግዕዝ ያለው በመጽሐፉ ውስጥ ነው፤ መምህርና ተማሪ የሚነጋገሩበት አማርኛ ያለው በመምህሩ አፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ አስቸጋሪው ነገር በጽሑፍ ተቀምጦ ተማሪውን ይጠብቀዋል፤ ቀላሉ ነገር በድምፅ ያልፋል። ተማሪው መምህሩን ሲያዳምጥ ቋንቋውን ለመያዝ አይታገልም፤ ልቡ ሁሉ ያለው ከምሥጢሩ ላይ ነው። የግዕዙ ቃል ቢያመልጠው ከብራናው ላይ ዞሮ ያገኘዋል። አባቶቻችን ይህን የደነገጉት ስለ ዓይንና ስለ ጆሮ በጻፉት ፍልስፍና አይደለም፤ በሥራ የተፈተነ ልማድ ነው። ወደ ፕላዝማው ስንደርስ ይህ ነጥብ ተመልሶ ያስፈልገናል።

ጉባኤው ግን ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ትርጓሜው በአብዛኛው በመምህሩ ራስ ውስጥ የሚኖር ስለ ነበር፥ መምህሩ ተተኪ ሳያወጡ ቢሞቱ የያዙት ሁሉ አብሮአቸው ይቀበር ነበር። የትርጓሜው ቃልም ከመምህር ወደ መምህር ሲተላለፍ መለያየቱ አልቀረም። የጎንደሩ መምህር ኤስድሮስ ነባሩን ትርጓሜ መርምረው እንዳሻሻሉና ከዚያ በኋላ የጎንደር ትርጓሜ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ በሁለት እንደ ተከፈለ በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። አንድ ትርጓሜ ተጽፎ በአንድ ቦታ ቢቀመጥ ኖሮ ልዩነቱ ከየት እንደ ተነሣ ቃል በቃል አነጻጽሮ ማየት ይቻል ነበር። በቃል የሚኖር ትምህርት ግን የዛሬውን እንጂ የትናንቱን መልኩን አያሳይም።

4. ቃል ወደ ጽሑፍ ሲገባ

የአንድምታ ትርጓሜ አንዳንዱ አስቀድሞም በብራና ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ በሕዝብ እጅ በብዛት የገባው ግን ከማተሚያ ቤት መስፋፋት ጋር ነው። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን፥ በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የወንጌል ንባብ ከነትርጓሜው ታተመ። ከጠላት ወረራ በኋላም ሥራው ቀጥሎ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ትርጓሜ በ1948 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ ጊዜ፥ ቀድሞ ከመምህሩ እግር ሥር ሳይቀመጡ የማይገኘው ትምህርት፥ ገንዘብ አውጥቶ መጽሐፍ ለሚገዛ ሁሉ ተከፈተ። አካሉ ደካማ የሆነው፥ ከአገሩ ርቆ የሚኖረው፥ ሥራ የያዘው ሰው ሁሉ ተካፋይ ሆነ። በዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችም አነጻጽረው ሊያጠኑት ቻሉ። እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ በ1983 እና በ1988 እ.ኤ.አ. በኬምብሪጅ ያሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ለውጭ ሊቃውንት ያስተዋወቁት ትርጓሜው በጽሑፍ ስለ ተገኘ ነው።

የሚያስደንቀው ግን የታተመው አንድምታ የአነጋገሩን መልክ አለመጣሉ ነው። ገጹን የሚያነብ ሰው የጉባኤውን ድምፅ ይሰማል። «ስለምን እንዲህ አለ ቢሉ» የሚለው አነጋገር በየምዕራፉ ይመላለሳል፤ ይህም የተማሪው ጥያቄ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመምህሩ መልስ ይመጣል። እንግዲህ የጻፉት ሊቃውንት ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ጠያቂውንም ጭምር ከጽሑፉ ውስጥ አስቀምጠውታል። አፍላጦን ጽሑፍ ሲጠይቁት አይመልስም ብሎ ለወቀሰው ወቀሳ፥ የእኛ ሊቃውንት በበኩላቸው ጥያቄውን ከነመልሱ በመጻፍ መልስ ሰጥተዋል ማለት ይቻላል። ነገር ግን የተጻፈው ጥያቄ ትናንት ሌላ ሰው የጠየቀው ነው፤ የዛሬው አንባቢ አዲስ ጥያቄ ቢያነሣ መጽሐፉ ዝም ማለቱ አይቀርም። የመምህሩ የፊት መልክ፣ የድምፅ አጣጣል፣ በአንድ ቃል ላይ ቆም ማለትም በማተሚያ ፊደል አይቀረጽም። በዚህ ምክንያት መጽሐፉ ከታተመ በኋላም ጉባኤው አልተዘጋም፤ መጽሐፉ ለጉባኤው መቅድምና መከለሻ ሆነ እንጂ ምትክ አልሆነም።

ጽሑፍ ከሞት በላይ የሚያደርገውን ለማየት ሁለት ምሳሌዎች ብቻ እንጥቀስ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ብዙ ዘመን ደክመውበት በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ አደራውን ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አስተላለፉ፤ መጽሐፉም በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስት ትውልድ ያህል የመምህርና የደቀ መዝሙር ግንኙነት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ለእኛ ደርሷል። ሁለተኛው ምሳሌ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነው። ይህን መጽሐፍ በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ናቸው፤ አባት በቃል የተረኩትን ልጅ በጽሑፍ አስቀርተውታል። አለቃ ለማ በተማሪነታቸው ያዩት የቅኔና የመጻሕፍት ቤት ኑሮ ዛሬ የሚታወቀን አንድ ሰው ያዳመጠውን ለመጻፍ ስለ ተነሣ ነው። የመጽሐፉ ጣዕም ግን የሽማግሌው አነጋገር ሳይለወጥ በመቆየቱ ነው። መልካም ጽሑፍ የተናጋሪውን አፍ አይዘጋም።

5. የፓሪስ መምህራን ሕግ

ወደ ቴሌቪዥኑ ዘመን ከመሻገራችን በፊት፥ የንግግር ፍጥነት በትምህርት ውስጥ ያለውን ኃይል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከአውሮፓ እናምጣ። በ14ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ የሚጻፈው በእጅ ስለ ነበረ ዋጋው ውድ ነበር። በፓሪስ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች መምህሩ ቀስ ብሎ እንዲናገርላቸውና ቃል በቃል ጽፈው መጽሐፍ እንዲያደርጉት ይፈልጉ ነበር። በ1355 እ.ኤ.አ. ግን የኪነ ጥበባት ክፍል መምህራን ተሰብስበው ማንም መምህር ለማጻፍ ያህል በዝግታ እንዳይናገር፥ ሰባኪ እንደሚሰብክ አድርጎ በፍጥነት እንዲያስተምር ወሰኑ። ሕጉን የጣሰ መምህር ለአንድ ዓመት ከማስተማር ይከለከላል፤ በመጮኽ፣ በማፏጨትና ድንጋይ በመወርወር የሚቃወም ተማሪም ለአንድ ዓመት ከማኅበሩ ይወጣል የሚል ቅጣት ተጨመረበት።

ድንጋይ መወርወር በሕግ እስኪጠቀስ ድረስ ተማሪዎቹን ያስቆጣቸው ምን ነበር? መምህራኑ ሐሳባቸው መልካም ነበር፤ ተማሪው ጸሐፊ ከሚሆን አስተዋይ ሰሚ ይሁን ማለታቸው ነው። ተማሪዎቹ ደግሞ ድምፁ ሲያልፍ በእጃቸው የሚቀር ነገር ስለሌላቸው ነው የተቆጡት። ዛሬም የሚያሟግተን ይኸው ነው፤ የቃሉ ፍጥነት በማን እጅ ይሁን? በመምህሩ ወይስ በተማሪው?

በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ጥቁር ሰሌዳና ደብተር ነው። መማሪያ መጽሐፍ በማይበቃበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ማስታወሻ ያጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ለፈተና የሚያጠናውም ያንኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተማረበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም፥ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፥ ደብተሩ የጠፋበት ተማሪ ትምህርቱ እንደ ጠፋበት ይቆጠር ነበር። አሰልቺ መንገድ መሆኑ ባይካድም፥ ተማሪው ቤቱ ሲገባ በእጁ የሚቀር ነገር ነበረው።

6. መምህሩ በመስተዋት ውስጥ

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይም መሣሪያው ለትምህርት እንዲውል ተደረገ፤ ራዲዮም በበኩሉ ለገጠር ትምህርት ቤቶች ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ነገር ግን በማያ መሣሪያ የሚሰጥ ትምህርት የመምህሩን ቦታ በሰፊው የያዘው በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የእንግሊዝኛና የመሰሉት ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተቀርጸው ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጩ ነበር። በአንዱ ክፍል ጊዜ ውስጥ የክፍሉ መምህር በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የቀረው ሰፊው ጊዜ የስክሪኑ መምህር ነው። ሐሳቡ ቅን እንደ ነበር መመስከር ይገባል። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፍጥነት ይስፋፋ ነበር፤ ብቁ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ግን በየቦታው አይገኝም ነበር። በአዲስ አበባና በጠረፍ ያለው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኝ፥ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ሙከራውን በሥዕል ይይ ማለት የሚነቀፍ አይደለም። በእርግጥም ስለ ሕዋስ ወይም ስለ ፕላኔቶች እንቅስቃሴ የሚያሳየው ሥዕል በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከሚሳለው እጅግ የተሻለ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በየጥናቱ ተደጋግሞ የተጻፈው ቅሬታ ሦስት ነገር ነበር፤ የስክሪኑ መምህር ይፈጥናል፤ አነጋገሩ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ጥያቄ ቢኖር የሚጠየቅ የለም። ተማሪው «አንድ ጊዜ ቆይ» ሊለው አይችልም። ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰኮንድ ከሰጠ በኋላ፥ የክፍሉ ተማሪ መለሰም አልመለሰም፥ ራሱ መልሱን ሰጥቶ ይቀጥላል። ሥርጭቱ በሰዓት የተወሰነ ስለ ሆነ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህርም ከተማሪው ጋር አብሮ ተመልካች ሆነ፤ እንዲያስቆም ሥልጣን አልነበረውም።

አሁን በሦስተኛው ክፍል ወደ ተናገርነው ነጥብ እንመለስ። በመጻሕፍት ቤት ከባዱ ቋንቋ በጽሑፍ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ የሚግባቡበት ቋንቋ በድምፅ ያልፍ ነበር። በፕላዝማ ክፍል ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከባዱ ቋንቋ እንግሊዝኛው በሚያልፍ ድምፅ መጣ፤ የሚግባቡበት ቋንቋ ዝም እንዲል ተደረገ። ተማሪው የፊዚክሱን ሐሳብ ከመያዙ በፊት ቃሉን ለመያዝ ይሯሯጣል፤ ቃሉን ሲይዝ ሐሳቡ አልፏል። መማሪያ መጽሐፍ ቢኖረውም፥ መጽሐፉ የስክሪኑን ንግግር ቃል በቃል የሚከተል ባለመሆኑ ያመለጠውን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ፈልጎ አያገኘውም። ስለዚህ ትምህርቱ የሁለቱንም መንገድ ጉድለት ይዞ መጣ ማለት ይቻላል፤ እንደ መጽሐፍ ሲጠይቁት አይመልስም፥ እንደ ንግግርም ቆሞ አይጠብቅም።

በዚህ የተጎዳው ማነው ቢሉ፥ እንግሊዝኛን በቤቱ ያልሰማው ልጅ ነው። በጥሩ የግል ትምህርት ቤት ያደገው ልጅ ንግግሩን ይከተል ነበር። ዘዴው ሊረዳው የተነሣው የገጠሩ ልጅ ግን ከስክሪኑ ፊት ቁጭ ብሎ ሥዕሉን ብቻ እያየ ሊወጣ ይችላል። እኩልነትን ለማምጣት የታሰበው መሣሪያ ልዩነቱን እንዳያሰፋ የሚጠብቀው አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ እርሱም የንግግሩ ጽሑፍ በተማሪው እጅ መኖሩና መምህሩ አስቁሞ ሊያብራራ መቻሉ ነው።

7. የዛሬው ቪዲዮና የዛሬው ጽሑፍ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት እንደገና ወደ ራዲዮና ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ፤ ስልክ ያለውም በስልኩ ይከታተል ጀመር። በስልክ ላይ ያለው ቪዲዮ ከፕላዝማው የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ፤ ማቆም፣ መመለስና መድገም ይቻላል። በዚህም የመጽሐፍን ግማሽ ጠባይ ወርሷል። ሆኖም የሚፈለገውን አንድ ቃል ከአንድ ሰዓት ንግግር ውስጥ ለማግኘት ወዲያና ወዲህ መጎተት ግድ ነው፤ በጽሑፍ ግን ዓይን ገጹን ጠርጎ ያገኘዋል። የጊዜውም ልዩነት ቀላል አይደለም። ማርክ ብራይስባርት የተባለው የቤልጅግ ሊቅ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2019 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፥ አንድ አዋቂ ሰው እንግሊዝኛን በልቡ ሲያነብ በደቂቃ በአማካይ 238 ያህል ቃል ያነባል፤ የመምህር ንግግር ግን በተለመደው አካሄድ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚበልጠው ጥቅም ግን ፍጥነቱን አንባቢው ራሱ መቈጣጠሩ ነው፤ ቀላሉን ያልፈዋል፥ ከባዱን ቆሞ ያየዋል። ቪዲዮ ደግሞ በእጅ የሚሠራውን፣ የሚንቀሳቀሰውንና በድምፅ የሚለየውን ነገር ለማስተማር ከጽሑፍ የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም። ዜማን በወረቀት ብቻ ተምሮ መሪጌታ የሆነ ሰው የለም።

8. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ፍርድ ጆሮ ከዓይን ወይም ዓይን ከጆሮ ይበልጣል የሚል አይደለም። ቃል የሚረዳው መልስ የሚሰጥ መምህር ከኋላው ሲኖር ነው። ጽሑፍ የሚረዳው ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። መልስ የማይሰጥና የማይጠብቅ ትምህርት ግን፥ በመስተዋት ቢያንጸባርቅም፥ ደካማውን ተማሪ ትቶት ይሄዳል። አባቶቻችን ቃልን ከመጽሐፍ ጋር፥ ሁለቱንም ከጥናት ጓድ ጋር አስተሳስረው ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርተውበታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፥ በቪዲዮ የሚቀረጽ ማንኛውም ትምህርት የንግግሩ ጽሑፍ ተያይዞት እንዲወጣ ያስፈልጋል፤ ይልቁንም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሆንበት ጊዜ ጽሑፉ ጌጥ ሳይሆን ለተማሪው ዋና ስንቅ ነው። ሁለተኛ፥ በየገዳሙና በየአድባራቱ ዛሬም ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን አሉ። ድምፃቸው ይቀረጽ፤ የተቀረጸውም ይጻፍ፤ የተጻፈውም ለእነርሱው ተነቦ ይታረም። በመጽሐፈ ትዝታ አንድ ልጅ ለአባቱ ያደረገውን፥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ትውልድ ለመምህራኑ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእያንዳንዱ ተማሪ ኪስ ውስጥ አለ፤ የኔታዎቹ ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ስለ ሆነ ሥራው ለሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፍ አይደለም።